ጥያቄና መልስ፦ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ላርገው ወይስ ይቅርብኝ?

ባለፈው እትም ስለ ጌም ኮምፒውተር ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብለን ነበር፣ ከመጣው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ አንጎል፣ ሆኖ አገኘሁት፣ የቱን ልግዛ፣ እንዴት ላፍጥነው፣ ለምን ይጠፋብኛል። ከወሎ የተላከው በዛ ስላለ በዚህ እትም እሱን ብቻ ሰብሰብ አርጌ ልመልስ፣ እኔም ደሴ ቁጭ ብዬ ስለምሰራ የብርዱንም የመብራቱንም ነገር አውቀዋለሁ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት። ኦቨርክሎክ ወይም ማፍጠን የምንለው ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሁለት አመት ያጠራቀምኩት ብር አለኝ፣ ኮምፒውተሬን ራሴ ልገጥም ነው። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የሚባል ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርድ) ከአጎቴ ልጅ አግኝቻለሁ። የምጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5 እና ኳስ ነው። ራይዘን 5 5600 ልግዛ ወይስ ኮር አይ5 12400ኤፍ? ጓደኞቼ ኦቨርክሎክ የሚደረገውን ውሰድ ይሉኛል፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ

ወንድሜ አብሽር፣ ከሁለቱ የትኛውንም ብትወስድ አትቆጭም። ሁለቱም 2022 ላይ የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም 6 ኮር (ውስጡ ያሉ ሰራተኞች በለው) 12 ትሬድ (ባንዴ የሚይዙት ስራ) ናቸው፣ ሁለቱም ከፍ ሲሉ 4.4 ጊጋኸርዝ ይነካሉ፣ በዛ ላይ ባንተ 1660 ሱፐር ልዩነታቸውን በዓይን መለየት ይከብዳል። ኦቨርክሎክ ላይ ግን ይለያያሉ። ኢንቴል ማባዣውን፣ ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር፣ ክፍት አርጎ የሚሸጠው ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ያለበትን ነው፣ እሱም የሚፈጥነው ዜድ690 ወይም ዜድ790 በመሳሰለ ዜድ ባለበት ማዘርቦርድ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ነው፣ ስለዚህ 12400ኤፍ ለዚህ ስራ አይሆንህም። ኤኤምዲ ግን ራይዘንን ከጥቂቶቹ በቀር ክፍት አርጎ ነው ሚሸጠው፣ 5600 ቢ450ም ላይ ቢ550ም ላይ ይፈጥናል። ኤ320 እና ኤ520 ላይ አይፈቀድም፣ ባለሱቁ «ሶኬቱ አንድ ነው ምን ለውጥ አለው» ብሎ ኤ520 እንዳያሸክምህ፣ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) አንድ መሆኑ እውነት ነው፣ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስተካከያ ፕሮግራም) ግን በሩን ዘግቶታል። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ውስጣቸው ግራፊክስ እንደሌለ ደሞ እወቅ፣ ያ 1660 አንድ ቀን ከታመመ ስክሪንህ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ምክር ልምጣ፣ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነውና። ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በ2011 የወጣው ኮር አይ5 2500ኬ 3.3 ጊጋኸርዝ ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ደህና ኩለር (ማቀዝቀዣ) የገጠመለት ሰው 4.4 ወይ 4.5 ላይ አርጎ ይጫወትበት ነበር፣ ሲሶ የሚሆን ፍጥነት በነጻ ማለት ነው። ዛሬ ያንን ትርፍ ፋብሪካው ራሱ ወስዶታል፣ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና የሚያገኘውን ኃይል እያየ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ራሱን ከፍ ዝቅ ያረጋል፣ አንተ ሳትነካው ጣሪያው ስር ደርሷል። 5600ን ገፍተህ ገፍተህ 4.6 ወይ 4.7 ብታደርሰው ጨዋታ ላይ የምታገኘው ጥቂት ፐርሰንት ነው። ክፍያው ግን ጥቂት አይደለም። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ነው የሚያድገው። በቁጥር እንየው፣ ከ4.4 ወደ 4.7 ስትወስደው ፍጥነቱ 7 ፐርሰንት ገደማ ጨመረ፣ እዛ ላይ ሳይወድቅ እንዲቆምልህ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.35 ካነሳኸው እሱ ብቻውን ኃይሉን 27 ፐርሰንት ገደማ ያሳድገዋል፣ ሁለቱ ሲባዙ 35 ፐርሰንት። 7 ለሚሆን ፍጥነት 35 ሙቀት ገዛህ ማለት ነው፣ ያውም ኮምቦልቻ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ።

ይሄን የምልህ በራሴ እጅ ስላየሁት ነው። አንድ 2500ኬ ደሴ ቤቴ ውስጥ 4.5 ላይ አርጌ ሌሊቱን ሙሉ በፕራይም95 ስፈትነው አደርኩ፣ ውጪው ብርድ ነው፣ መስኮቱ ገርበብ ያለ ነው፣ የኬዙንም ጎን ከፍቼዋለሁ፣ ሙቀቱ 74 ላይ ቀጥ ብሎ አደረ። ጠዋት ደስ ብሎኝ በብርድልብስ ጠቅልዬ ይዤው ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ለአክስቴ ልጅ ነበር የገጠምኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ከፈትነው፣ ጎኑ ተዘግቷል፣ ጂፒዩውም አብሮ እያጋለ ነው፣ ልጁ ሁለተኛ ጨዋታውን ሳይጨርስ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። መልሰን ከፍተን ሙቀቱን እያየን ብናስጫውተው ከ90 አለፈ። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ኪቦርዱን ወደኔ ገፋ አርጎ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፣ እኔም እዛው ወደ 4.1 አውርጄ ቮልቴጁንም ቀንሼ ተውኩለት፣ አመታት ሰራለት። ነገሩ ቀላል ነው፣ ኩለር የሚቀንሰው ቺፑ ከክፍሉ አየር በላይ የጋለውን ያህል ብቻ ነው፣ ክፍሉ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ቺፑም በዛው በ15 ገደማ ይሞቃል። ከዛ ወዲህ የማንንም ማሽን የምፈትነው በቀኑ በሚሞቀው ሰዓት ነው፣ መስኮት ዘግቼ፣ ኬዙን ገጥሜ።

ባንተ ቦታ ብሆን 5600ን ከቢ550 ጋር እወስዳለሁ፣ ለኦቨርክሎኩ ብዬ ግን አይደለም። ነገ ብር ስታገኝ እዛው ማዘርቦርድ ላይ 5700ኤክስ3ዲ ወይም 5800ኤክስ3ዲ መሰካት ትችላለህ፣ እነሱ 96 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) አላቸው፣ የ5600 ሶስት እጥፍ ማለት ነው፣ እንደ ካውንተር ስትራይክ ያለ ፕሮሰሰር ላይ የሚንጠለጠል ጨዋታ ላይ ያ ካሽ የሚሰጥህን ኦቨርክሎክ አይሰጥህም። ራሙን ደሞ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ግዛ፣ በሁለት ቻናል እንዲሰራልህ፣ ፍጥነቱ 3200 ወይም 3600 ይሁን፣ ከገጠምክ በኋላ ባዮስ ገብተህ ኤክስኤምፒ (XMP) የሚለውን ክፈተው፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደው እሱ ነው፣ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ዶክፒ (DOCP) ይለዋል። ይሄን ሳይከፍቱ አመት የሚጫወቱ ልጆች አውቃለሁ፣ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም በ2133 ወይ በ2400 እየሄደ፣ ራይዘን ደሞ ራሙ ሲዘገይ ውስጡ ያለው መገናኛ አብሮ ስለሚዘገይ ብዙ ያጣል። እና ምንም ከማፍጠንህ በፊት አፍተርበርነር የሚባለውን መከታተያ ፕሮግራም ከፍተህ እየተጫወትክ ጂፒዩው በስንት ፐርሰንት እንደሚሰራ እይ፣ 97፣ 98፣ 99 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ከዋለ የደከመው ጂፒዩው ነው፣ ፕሮሰሰሩን ብትገርፈው ፍሬም አይጨምርም። ጂቲኤ 5ን ግራፊክሱን ከፍ አርገህ ስትጫወት እንደዛ ይሆናል ብዬ ነው የምገምተው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። 5600 ቢ450 ላይ ገጥሜ ሁሉንም ኮር በ1.38 ቮልት 4.6 ላይ አድርጌዋለሁ። ሲኔቤንች (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ላይ ነጥቡ ጨምሯል፣ ጌም ላይ ግን በተለይ ማታ ማታ ድንገት ድርግም ብሎ ሪስታርት ያደርጋል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ሙቀት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ «ማታ ማታ» ያልሽው ቃል ነው ያስቆመኝ። ሲኔቤንች ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው ሚያስጨንቀው፣ ጌም ግን ፕሮሰሰሩንና ጂፒዩውን አንድ ላይ ነው የሚያስጎትተው፣ እና ያንን ሁሉ የሚሸከመው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ማታ ደሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲጥድ መብራቱ እንዴት ደከም እንደሚል አንቺም አምፖሉን እያየሽ ታውቂዋለሽ። የፓወር ሰፕላይሽን ጀርባ እይው፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማቀያየሪያ ካለው የድሮ አይነት ነው፣ መብራቱ ሲወርድ አብሮ ይወድቃል። ማቀያየሪያውን ግን አደራ እንዳትነኪው፣ በኛ 220 ላይ 115 ካረግሽው እዛው ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 ብሎ የተጻፈበት ከሆነ ግን እንዲህ ያለውን መውረድ ይችለዋል።

ጥፋተኛውን የምትለዪው እንዲህ ነው። ባዮስ ገብተሽ ሁሉን ወደ ነበረበት መልሺ፣ ራሙንም ጭምር፣ ከዛ ሁለት ሶስት ማታ እንደለመድሽው ተጫወቺ። አሁንም ከጠፋ ኦቨርክሎኩ ንጹህ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩን ወይ መብራቱን ያዢ። ካልጠፋ ደሞ የራሙን ኤክስኤምፒ ብቻ ከፍተሽ ድገሚው፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን። አንድ በአንድ ነው፣ ሁለት ነገር ባንዴ የነካ ሰው የትኛው እንደጣለው አያውቅም።

1.38 በዝቷል። እኔ ለነዚህ ባለ 7 ናኖሜትር ፕሮሰሰሮች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ተቸንክሮ ለሚውል ቮልቴጅ ከ1.3 አላልፍም፣ ዛሬ ባይሞት በጊዜ ብዛት እያረጀ ይሄድና ትናንት የቻለውን 4.6 ነገ አይችለውም። ስለዚህ የተቸነከረውን ተይውና ፒቢኦ የሚባለውን ተጠቀሚ፣ እሱ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳይከለክል ገደቡን ነው የሚያሰፋለት፣ ጣሪያውን በ200 ሜጋኸርዝ ብታነሺለት እስከ 4.6 ገደማ መድረስ ይችላል፣ በዛ ላይ ስራ ሲቀል ይወርዳል ቮልቴጁም ይወርዳል። ከሱ ጋር ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚል አለ፣ ባዮሱ አዲስ ከሆነ ቢ450ም ላይ ይመጣል፣ እዛ ላይ ለሁሉም ኮር ነጌቲቭ 10 ጀምሪ፣ ይሄ ማለት ያንኑ ፍጥነት ባነሰ ቮልቴጅ ስራ ማለት ነው፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ሲወርድ ራሱ ቦታ አግኝቶ ይፈጥናል። በአምስት በአምስት ጨምሪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከበድ ያለ ቴስት አሳልፎ ጨረስኩ ይላል፣ ነጌቲቩ ሲበዛ ግን ማሽኑ የሚወድቀው ስራ ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ምንም ሳትሰሪበት ብራውዘር ከፍተሽ እያነበብሽ ወይ ሻይ ልትጠጪ ተነስተሽ እያለ ነው ድርግም የሚለው። ስለዚህ ከቴስቱ ሌላ ሁለት ሶስት ቀን ተራ ስራ ስሪበት፣ ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥም ሂያ (WHEA) የሚል ስህተት ተመዝግቦ እንደሆነ ፈልጊ፣ እሱ ካለ አንድ እርምጃ ተመለሽ።

ስለ ብርዱ ያልሽው ግማሹ ልክ ነው። ብርዱ ይረዳሻል፣ ነገር ግን ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል የሚያነሳው ሙቀትም ያንሳል። እንግዳ ጦሳ ዳገት ላይ ቁና ቁና የሚተነፍሰው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ኩለሩም እንደዛው ይደክማል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ሌላ አገር ያለ ሰው «ይሄ ኩለር ይበቃል» ሲል ለኛ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ያዢ። 5600 ሳይነካም እስከ 76 ዋት ስለሚወስድ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩለር ፋብሪካው ለሰጠው ፍጥነት እንጂ ለፒቢኦ አይበቃሽም፣ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የሆነ ቁመታም ኩለር ይሻልሻል።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ

ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ኮምፒውተር ልገዛለት ቃል ገብቼለታለሁ። ዝርዝር ጽፎ ሰጠኝ፣ ኮር አይ7 13700ኬ፣ ቢ760 ማዘርቦርድ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ይላል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ መሆኑ አስፈርቶኛል። ደግሞ ማስፈጠን የሚሉት ነገር ዕቃውን ያቃጥላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ

አባቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፣ «ኬ የገዛኸው ለማፍጠን ከሆነ ቢ760 ለምን ጻፍክ?» ይበሉት። ቢ760 ራሙን እንጂ ፕሮሰሰሩን ማፍጠን አይፈቅድም፣ ስለዚህ ለኬው የሚከፍሉት ትርፍ ብር እዛው ይቀራል። ልጅ ነው፣ ዝርዝሩን ከተለያየ ቪዲዮ ለቃቅሞት ይሆናል፣ አይቆጡት።

የውሃው ነገር እንደሚያስቡት አይደለም፣ ፋብሪካ ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣ ነው ውሃ የሚጨምሩበት አይደለም፣ የሚያፈሰውም ከስንት አንዴ ነው። እኔ የማልወድለት ፓምፕ ስላለው ነው፣ ፓምፑ አንድ ቀን ሲቆም መለዋወጫውን ወልዲያ ላይ የት ያገኙታል? የአየር ማቀዝቀዣ ፋኑ ቢቆም ግን ፋን የትም አለ።

ስለ ማቃጠሉ፣ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አልበቃ ሲለው ይጠፋል፣ በሙቀት ብቻ ቶሎ አይቃጠልም። የሚጎዳው የበዛ ቮልቴጅ ነው። 13700ኬን በተመለከተ ደግሞ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፣ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ ከፍ ያሉት፣ ማንም ሳያፈጥናቸው ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ የሚያረጁበት ችግር ነበረባቸው፣ ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኖ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት አመት አራዘመ። ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ አፕዴት ነው፣ ያረጀውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ርካሽ አገኘሁ ቢልዎት እሺ እንዳይሉት፣ አዲስ ከሆነም ባዮሱ ሳይታደስ እንዳይጫወትበት።

እኔ ብሆን ራይዘን 5 7600ን ከቢ650 ማዘርቦርድ ጋር አስገዛዋለሁ። 65 ዋት ነው፣ ኩለሩ ከነካርቶኑ ይመጣል፣ ኤኤምዲም ያንን ሶኬት እስከ 2027 እና ከዛም በላይ እደግፋለሁ ስላለ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶም እዛው ላይ የተሻለ ይሰካበታል። ራሙ ዲዲአር5 መሆን አለበት፣ ዲዲአር4 ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ከውሃውና ከኬው የሚተርፈውን ብር ጂፒዩውና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ያውሉት። ዩፒኤሱን ለጨዋታ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ባዮስ እየታደሰ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ እዛው ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፣ ከባቲ

ጌም ቤት አለኝ፣ ስድስት ኮምፒውተር፣ ሁሉም ኮር አይ7 2600 ናቸው። ሰኞ ሰኞ የገበያ ቀን ቤቱ ይሞላል፣ ያኔ ሁሉም ይንቀረፈፋሉ። አይ7 ሆነው ለምን? ኦቨርክሎክ ቢደረጉስ?

መልስ

ወንድሜ፣ አይ7 የሚለው ቃል ዕድሜ አይናገርም፣ ዕድሜውን የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 2600 ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ 2011። በ2022 የወጣው ኮር አይ3 12100ኤፍ እንዳንተው 4 ኮር 8 ትሬድ ነው፣ በአንድ ኮር ሲለካ ግን እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ «አይ3 ብቻ ነው» ብለህ እንዳትንቀው። ያንተዎቹ ኬ ስለሌላቸው እንደልብ የሚፈጥኑ አይደሉም፣ ቢፈጥኑም ባቲ ቆላ ላይ፣ ስድስት ማሽንና ሃያ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ አልመክርህም።

ሰኞ ብቻ የሚንቀረፈፉ ከሆነ ግልጽ ነው፣ ሙቀት ነው። ቤቱ ሲሞላ ክፍሉ ይሞቃል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዱን ክፈተውና የኩለሩን ክንፎች በባትሪ አብርተህ እይ፣ ፋኑ ስር እንደ ብርድልብስ የተነጠፈ አቧራ ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። በብሩሽ አውጣው፣ ፋኑን በጣትህ ይዘህ ንፋው፣ እንዲሁ በአየር ካሽከረከርከው ይጎዳል። ከዛ ኩለሩን አንስተህ የደረቀውን ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባውን) በአልኮል ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት መሃሉ ላይ ጣልበት፣ ስትጭነው ራሱ ይሰፋል። ማሽኖቹን ከግድግዳው ስንዝር አርቅ፣ የአንዱ ትኩስ አየር የሌላው ፊት ላይ እንዳይነፋ አዙራቸው፣ ከጣሪያው ስር ደሞ ትኩሱን ወደ ውጪ የሚያወጣ ፋን ግድግዳው ላይ ግጠም። ይሄ ከኦቨርክሎክ የበለጠ ያፈጥንልሃል። ብር ስትይዝ ስድስቱንም ባንዴ አትቀይር፣ ሁለቱን ወደ 12100ኤፍ ቀይርና ልጆቹ የትኛው ላይ ለመቀመጥ እንደሚሻሙ እይ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ

የራሙን ፍጥነት ባዮስ ውስጥ ቀየርኩ፣ ከዛ ወዲህ ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አበላሸሁት?

መልስ

አላበላሸኸውም፣ አትደንግጥ። መጀመሪያ ምንም ሳትነካ አምስት አስር ደቂቃ ጠብቀው፣ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ራሱ ሞክሮ ሞክሮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ካልተመለሰ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ አስር ሰከንድ ተጫን፣ ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከዛ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ እሷን አውጥተህ አምስት ደቂቃ አስቀምጣትና መልሳት፣ የተጻፈበት ጎኗ ወደ ላይ ነው። ስትከፍተው ሰዓቱና ቀኑ ጠፍቶ ታገኘዋለህ፣ ያ ባዮሱ እንደጸዳ ምልክት ነው። አሁንም ከጠቆረ አንዱን ራም አውጥተህ በአንዱ ብቻ፣ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ሞክር። ሲነሳልህ የራሙን ፍጥነት በእጅህ አትጻፍ፣ ኤክስኤምፒውን ክፈተው፣ እሱ ካልያዘልህ አንድ ደረጃ ዝቅ አርገው፣ ከ3600 ወደ 3400 ወይ 3200።